ከኢምፔሪያል መድኃኔዓለም፣ በብዥታ

ሰው በርስት ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል፣ በኳስ ይጣላል። እኔ ከአለቃዬ ጋር ሰባት ወር ሙሉ የተጣላሁት በብዥታ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ሩቅ ያለውን ማደብዘዝ የሚባል ዘዴ አለ። ካሜራ የሚያደርገውን መኮረጅ ነው፤ በሰርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ ጥርት ብለው ከኋላቸው ያለው ዛፍ አረንጓዴ ገንፎ ሲመስል አይታችኋል። አለቃዬ ይህ ነገር ጌሙን ያሳምረዋል አለ። እኔ ያበላሸዋል አልኩ። ከዚያ በኋላ ምሳ አብረን መብላት ተውን።

ያኔ ቦሌ በየቀኑ ታብጥ ነበር። በየመንገዱ ዳር ባህር ዛፍ ይታሰራል፣ ፎቅ ይወጣል፤ ጠዋት ፓስቲ የገዛህበት ሱቅ ከሥራ ስትመለስ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቅሃል። ፎቅ ማቆም የቻለ ፎቅ ያቆማል፣ ያልቻለ ስቱዲዮ ይከፍታል። እኛ ከሁለተኞቹ ነበርን። ቢሯችን ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ አንድ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ የሊፍቱ ቀዳዳም በእርግጥ አለ። ሊፍቱ ግን እስከ መጨረሻው አልመጣም።

አለቃዬ ውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ማንም አያውቅም። ምን ምን እንዳየ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይነግረናል። አንድን ነገር ሲመለከት ሁለቱን እጆቹን አንስቶ በጣቶቹ አራት ማዕዘን ይሠራና በዚያ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል፤ የምሳ ሂሳቡን እንኳ እንዲህ ነው የሚያየው። ከእሱና ከእኔ ሌላ ፕሮግራም የምትጽፍ አንዲት ልጅ ነበረች። ቢሮው ውስጥ ሥራ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች ብዙ አትናገርም።

የምንሠራው ጌም ሚኒባስ መንዳት ነው። ከኢምፔሪያል ትነሳለህ፣ በገርጂ በኩል ሰው እየጫንክና እያወረድክ፣ ትራፊክ ፖሊስ እየሸሸህ መድኃኔዓለም ትደርሳለህ። መንገዱን፣ ሕንፃውንና ሰዉን የምስለው እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ ካሜራ አንጠልጥዬ ስንት ቀን እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ጊዜ ዘበኞች ሰላይ መስያቸው አባረውኛል። እያንዳንዱን መስኮት፣ እያንዳንዱን ታፔላ፣ አንገቷ የተቆለመመውን የመንገድ መብራት ሳይቀር አንድ በአንድ ሣልኩ። ሠርቼ ሳስረክብ አለቃዬ በጣቶቹ መሃል አጮለቀና ፊቱን አጨማደደ።

«ቱ ሻርፕ ነው» አለ። «ሲኒማቲክ አይደለም። ዳራውን ብለር አድርጉት።»

«ለምን?»

«ዓይን ሁሉን ነገር እኩል አጥርቶ አያይም እኮ! ሪያሊቲ እንደዛ ነው።»

«ዓይን ማየት የፈለገውን ያጠራል» አልኩት። «ኮምፒውተሩ እኔ ምን ማየት እንደምፈልግ በምን ያውቃል? ነጂ ደግሞ ሩቅ ነው የሚያየው።»

«አንተ ፊልም አታይም?»

ክርክራችን በዚህ ቀጠለ። ብዥታው ሲበራ ኮምፒውተሩ ያቃስታል፣ ማራገቢያው ያፏጫል፣ ሚኒባሱም እንደ ታማሚ መጎተት ይጀምራል። ያ ሁሉ ድካም የእኔን መስኮቶች ለማጥፋት መሆኑ ደሜን ያፈላው ነበር። እርግጥ ነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኋላ በኩል ካሉት ፎቆች አንዳንዶቹን ሰልችቶኝ እንዲሁ ሳጥን አድርጌ ትቻቸዋለሁ። ብዥታው የእሱን ጉራ ብቻ ሳይሆን የእኔንም ስንፍና ይሸፍን ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ዋና ማስረጃዬ አንዲት ሴት ነበረች። ኢምፔሪያልን አለፍ ብሎ ያለው ዜብራ ላይ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች፣ ሕፃን ልጅ በእጇ የምትመራ ሴት ሥዬ አስቀምጫለሁ። ጃንጥላዋን ቢጫ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፣ ከሩቅ እንድትታይ። ብዥታው ሲበራ ግን ሴትዮዋ የምትታየው የሚኒባሱ የፊት መከላከያ ስር ልትገባ ስትል ብቻ ነው። «ተመልከት» እለዋለሁ አለቃዬን፤ «ይሄ ነው ውበትህ፣ ሴትና ሕፃን መግጨት!» እሱም «ድራማቲክ ነው» ይለኛል።

አባቴ ሚኒባስ ነጂ ነው። በዚያው መስመር፣ ከኢምፔሪያል መድኃኔዓለም፣ በራሱ ሚኒባስ ይመላለሳል። እኔም ጠዋት ጠዋት ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ሥራ እገባለሁ። ልጅ ሳለሁ በዚያው ወንበር አስቀምጦ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ያ ታፔላ ምን ይላል? መብራቱ ምን ይላል?» ይለኝ ነበር። ካደግኩም በኋላ ጨዋታውን አልተወውም። «እስቲ ያንን አንብብልኝ፤ ለዚህ አይደል ያስተማርኩህ!» ይላል። አነብለታለሁ። «መብራቱስ ምን ይላል?» ይላል። «ቀይ ይላል፣ አባዬ» እለዋለሁ። ይስቃል፣ እስቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላም እንደ ሕፃን የሚያጫውተኝ አባት ስላለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሩ ላይ የሚቆመው ረዳቱ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። እንደሌሎቹ ረዳቶች መንገደኛ ብቻ አይጠራም። «ግራ ነፃ! እለፍ! ቀስ፣ ባጃጅ! ከፊት ቆሟል!» እያለ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይጮኻል። ተሳፋሪው «ይሄ ሰውዬ ምን ያንጫጫዋል» ብሎ ያማርራል። እኔም አንዳንድ ቀን ስልኬ ላይ ስለ ብዥታ ከአለቃዬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ፣ ዝም በል ማለት ይቃጣኝ ነበር።

ጠባችን እልባት ስላጣ አለቃዬ በድምፅ ብልጫ እንወስን አለ። እኔ አንድ፣ እሱ አንድ። ልጅቷ «መብራት እስካልጠፋ ድረስ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ብላ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። አንድ ሰው መጨመር ነበረብን። ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣልኝ። «እውነተኛ የሚኒባስ ነጂ ጠርተን እንጠይቅ» አልኩ። አለቃዬ «ሪያል ዩዘር! ላቭ ኢት!» ብሎ አጨበጨበ። የማመጣው ነጂ አባቴ መሆኑን አልደበቅኩም፤ ዝም አልኩ እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ መጣ። አምስቱን ፎቅ የወጣው እጁን በረዳቱ ትከሻ ላይ ጥሎ ነው፤ ጉልበቱን መሰለኝ። ሱፉን ለብሷል፣ ጫማውን አስጠርጓል። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ ጨብጦ «አባባ፣ ዌልካም፣ ይግቡ ይግቡ» አለው። ከስክሪኑ ፊት ለፊት መሪ፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ያለው መጫወቻ ተገጥሟል። አባቴ መሪውን ጨበጠው፣ ወዘወዘውና «ይሄማ የሕፃን ብስክሌት ነው» አለ። ልጅቷ አንድ ጊዜ በብዥታ፣ አንድ ጊዜ ያለ ብዥታ ልታሳየው፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን ላትናገር ተስማማን።

ነዳ። ረዳቱ ከልማዱ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ «ግራ ነፃ… ቀስ… ሴትዮ አለች፣ ያዘው… እለፍ» ይላል። አባቴ እንደ ቅቤ ሄደ። አንድም ነገር ሳይነካ መድኃኔዓለም ደረሰ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። አለቃዬ በደስታ አበደ። «ይሄን ድምፅ መቅዳት አለብን! አውቴንቲክ!» ይላል በጣቶቹ መሃል እያጮለቀ።

«የትኛው ይሻላል፣ አባባ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ረዳቱ ቀልጠፍ ብሎ «ሁለተኛው ጥሩ ነው» አለ።

«ሁለተኛው» አለ አባቴ።

ልጅቷን አየኋት። ሁለተኛው ብዥታ ያለበት እንደነበር በጥቅሻ ነገረችኝ። በገዛ አባቴ ልሸነፍ ነው እንዴ! «ቆይ ቆይ» አልኩ፣ «ድምፁ የነጂው ነው፣ ረዳት አይመርጥም። እንደገና ብቻውን ይንዳ።» ረዳቱን ለስላሳ ገዝቶ እንዲመጣ ወደ ታች ላክሁት። ሄድ ቆም አለ። በሩ ጋ ደርሶ ወደ አባቴ ዞሮ አየ። እኔም «ኮካው ቀዝቃዛ ይሁን» አልኩት።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። ክፍሉ ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ከዚያ የእግረኛውን መንገድ ወጣ፣ የሲሚንቶ ክምር ገጨ፣ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ። አለቃዬ ሳቀ። ዜብራው ጋ ሲደርስ አልያዘም፣ አላዘገመም። ልጅቷ ለግጭት የሠራችው ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ ቆመ። ግራና ቀኝ ጆሮውን ሰጠ።

«ምንድን ነው?» አለ።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ የሱፉን እጅጌ ሰብሰብ አድርጎ ስክሪኑን መወልወል ጀመረ። «እስቲ መስታወቱን ጥረጉልኝ» አለ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከወንበሬ ዘለልኩ። «ይኸውላችሁ!» አልኩ። «ሰባት ወር ሙሉ ምን ስል ነበር? ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ጥረጉልኝ እያለ ነው! ብዥታ ለነጂ እድፍ ነው! ሲኒማ ሳይሆን ቆሻሻ ነው!» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። ስለ ዓይን፣ ስለ እውነት፣ ከውጭ ስለሚመጣ ጉራ። እንደዚያ ቀን አንደበቴ ተፈትቶ አያውቅም። ስጨርስ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ብለሩ ጠፍቷል እኮ። ይሄ ያንተ ነው።»

ስክሪኑን አሁን ገና ልብ ብዬ አየሁት። እያንዳንዱ መስኮት ጥርት ብሎ ይታያል። ታፔላዎቹ ይነበባሉ። ቢጫው ጃንጥላ አስፋልቱ ላይ ተገልብጦ ወድቋል። አባቴ አሁንም በእጅጌው ይወለውላል።

ረዳቱ አራት ለስላሳ ይዞ እያለከለከ ገባ። መጀመሪያ አባቴን አየ፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ እኔን። ጠርሙሶቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ለምን ብቻውን ተውከው?» አለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ አባቴ ከፊት ከፊታችን ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄደ። ረዳቱን ያዝ አደረግኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የእናንተ ሕንፃ መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮታል» አለኝ። «መጀመሪያ ጭጋግ ነው ይል ነበር። አሁን መኪናና ሰው አይለይም፣ ጥላ ጥላውን ነው የሚያየው።» ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበርን። «አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር» ብሎ ጨመረ። «መብራቱን ትነግረው የለም እንዴ?»

ይህን ያለኝ ሊወቅሰኝ አልነበረም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ለካ ጋቢና ተቀምጬ በየጠዋቱ ስቀልድ ኖሬ፣ ሳላውቀው የአባቴ ሁለተኛ ረዳት ሆኛለሁ። ከኋላችን ደግሞ አሥራ አንድ ሰው፣ አንዳንዱ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በእኔ ቀልድ ይጓዛል።

ቤት ስንደርስ አባቴ ጮኸብኝ። «አንድ ሰው ገጨሁ? አንድ ተሳፋሪ በአነዳዴ አማረረ? ትራፊክ አንድ ቀን ከሰሰኝ?» አልገጨም። አላማረሩም። አልከሰሰም። ያለኝ መልስ የቢጫ ጃንጥላዋ ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም ሥዕል ናት። «በኮምፒውተር ጨዋታ ነው እንጀራዬን የምታስጥለኝ?» አለኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው እሺ አላለም።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን አንስቶ ወጣ። እኔ ያደረግኩት ነገር ጅልነት ነው፣ አላስተባብልም። ሰው ሳይጭን ገና ባዶውን ወደ ኢምፔሪያል ሲሄድ ጋቢና ገባሁ፣ ረዳቱም ከኋላ ገባ። ከረዳቱ ጋር ቀድመን ተነጋግረናል። መብራቱ ጋ እስክንደርስ ረዳቱ በቀስታ መራው። ከዚያ ዝም አለ።

«መብራቱ ምን ይላል?» አለ አባቴ።

ዝም አልኩ።

«አንተ! መብራቱ ምን ይላል?»

መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ከኋላችን ክላክስ ተጀመረ። ቀይ ሆነ፣ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ፣ አባቴ ግን እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም። አንዱ የጭነት መኪና ነጂ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የማይጻፍ ስድብ ሰደበን። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት ያያል፣ ምንም አያይም። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። «ና ውሰደው» አለው ረዳቱን፣ ፊቱን ሳያዞር። ረዳቱ ከዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ነበር። የአባቴን ወንበር ተመኘ እንዳይባል ብሎ ለማንም አልተናገረም።

የዓይን ሞራ ነው ተባለ። በሁለቱም ዓይኑ ወፍራም ሞራ፣ መገፈፍ የሚችል። ስንት ዓመት በጩኸት የተሸሸገው ነገር በሁለት ጠዋት፣ አንድ አንድ ዓይን እየሆነ፣ አለቀ። የሁለተኛው ዓይኑ ፋሻ የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ትኩር ብሎ አየኝ።

«ፀጉርህ የት ሄደ?» አለ።

«ሄዷል፣ አባዬ። ቆየ እኮ።»

«ማንም አልነገረኝም» አለ፣ እንደተቀየመ ሰው።

ወደ ቤት ስንመለስ በመስኮት አንገቱን አስወጥቶ ቦሌን ያያል። በየቀኑ ስምንት ጊዜ የሚያልፍበትን መንገድ እንደ እንግዳ ሰው ይጠይቀኛል። ይሄ መቼ ቆመ? ያ የማን ነው? ሰማያዊውን መስታወት፣ አረንጓዴውን መስታወት፣ ወርቃማውን መስታወት አየ። ጣሪያው ላይ አምድ የደረደረውን፣ በግቢው ፒያሳን የሚያህል በር ያቆመውን አየ። በመጨረሻ «ይሄን ለማየት ነው ዓይኔን የተቀደድኩት?» አለ። ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ መንዳት ይችላል አለው። አባቴም ቀኑን ቆጥሮ የሚመለስበትን ሰኞ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረ።

ጌሙ በዚያው ሰሞን አለቀ። አለቃዬ አሸነፈ። እኔ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ስለ ብዥታ ለመከራከር አፍ አልነበረኝም። ሩቁ ሁሉ ደበዘዘ፣ ሳጥን ሆነው የቀሩት ፎቆቼም ተሸፈኑ። ያዩት ሰዎች «ውጭ የተሠራ ይመስላል» ብለው አደነቁ፤ በእኛ አገር ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

እመለስበታለሁ ካለው ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ አባቴ ቢሮዬ መጣ። አምስቱን ፎቅ ብቻውን ወጣ። «ያንን ገለባ መሪ አምጣው፣ እጄን ላፍታታ» አለ። አለቃዬ የተጠናቀቀውን ጌም በኩራት ከፈተለት። አባቴ ጥቂት ነዳና ቆመ። ዓይኑን አሸት አደረገ። ከዚያ ወደ አለቃዬ ዞረ።

«ይሄ ሩቁ እንዲህ የሆነው በስህተት ነው?»

«ኖ ኖ፣ አባባ፣ ሆን ብለን ነው። ለውበት ነው።»

«የእኔን እኮ ሐኪም ገፈፈው» አለ አባቴ። «እናንተ ደሞዝ እየበላችሁ መልሳችሁ ሠራችሁት?»

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተጣጥፋ ሳቀች። አለቃዬም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጮልቅበት ጣት አጣ። «አጥፋልኝ ይሄን ሞራ» አለኝ አባቴ። በደስታ አጠፋሁለት። መንገዱ እስከ ጫፉ ድረስ ጥርት አለ። መስኮቶቼ ሁሉ ወጡ። አባቴ ነዳጅ ሰጠ፣ ታፔላ እያነበበ፣ በማስታወቂያዎቹ እየቀለደ ሄደ። ዜብራው ገና ከሩቅ ሲታይ ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ቆመ። ሴትዮዋ ሕፃኑን በእጇ ይዛ፣ ቢጫ ጃንጥላዋን ዘርግታ ትሻገራለች።

«ይቺ ሴት» አለ፣ «ያን ቀንም እዚህ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ጃንጥላዋም?»

«ጃንጥላዋም።»

«ልጁስ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ሴትዮዋ ተሻግራ ጨረሰች። መንገዱ ነፃ ሆነ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ልጅቷ የጻፈችላቸውን ክላክስ ይነፋሉ። አባቴ ነዳጅ አልሰጠም። ሁለቱን እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዜብራውን እያየ ቆየ።

«መልሰው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ብዥታውን።»

መለስኩለት። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱን ያስነሳው ረዳቱ ነው።